የቲማቲሙ ጫፍ የጠቆረው በበሽታ አይደለም፤ ስለ «ናኖ ካይቶሳን» ለጠየቁን የአዳማ ዙሪያ አርሶ አደር የተሰጠ ምላሽ

በአዳማ ዙሪያ ከአዋሽ ወንዝ በሞተር ውሃ እየሳቡ ቲማቲም የሚያለሙ አንድ አርሶ አደር እንዲህ ሲሉ ጽፈውልናል፦

«ይድረስ ለተከበሩ ባለሙያ። እንደምን ሰነበቱ። ቲማቲሜን በሽታ ገብቶበታል። ቅጠሉ ለምለም ነው፤ ፍሬው ግን ከታች በኩል እየጠቆረ ይበላሻል፤ መጀመሪያ ያፈራው ነው የባሰበት። ማንኮዜብና ሌላም መድኃኒት ቀላቅዬ ደጋግሜ ረጭቻለሁ፤ ለውጥ የለውም። ዩሪያም ጨምሬለታለሁ። የውሃ ወረፋችን በዚህ ሰሞን ራቅ ስላለ ወረፋዬ ሲደርስ ጥግብ አድርጌ አጠጣዋለሁ። አሁን ደግሞ አንድ ነጋዴ ከባሕር እንስሳ ቅርፊት የተሠራ ናኖ ካይቶሳን የሚባል አዲስ መድኃኒት አለ፣ በውጭ አገር ሐኪም ቤት ሳይቀር ለቁስል ይጠቀሙበታል ብሎኛል። ዋጋው ከበድ ይላል። ልግዛው ወይ? ከማንኮዜቡ ጋር ቢቀላቀልስ?»

ውድ ጠያቂያችን፣ ጤና ይስጥልን። ገንዘብዎን ከማውጣትዎ በፊት መጠየቅዎ ትልቅ ነገር ነው። መልሴን ከፊት ላስቀድመው፤ ለዚህ ችግር ብለው ካይቶሳኑን አይግዙ። ነጋዴው ስለ ካይቶሳን የነገረዎት አብዛኛው እውነት ነው፤ ነገር ግን የእርስዎ ቲማቲም የታመመ አይመስለኝም። የጠማው ይመስለኛል፤ ይበልጥ ትክክል በሆነ አነጋገር፣ አንድ ሰሞን ሲጠማ አንድ ሰሞን ሲጠግብ የከረመ ነው።

ማሳዎን ሳላይ እንዲህ ለማለት የደፈርኩት ደብዳቤዎ ውስጥ እንደ ዋዛ ጣል ያደረጓቸውን ነገሮች ሰብስቤ ነው። ቅጠሉ ለምለም ነው ብለዋል። ፍሬን የሚያበሰብሱት ዋና ዋና የቲማቲም በሽታዎች፣ በተለይም ብላይት የምንለው፣ ፍሬውን ከመንካታቸው በፊት ወይም አብረው ቅጠሉንና ግንዱን ያቃጥላሉ፤ ቅጠል ለምለም ሆኖ ፍሬ ብቻ የሚጠቁርበት ሁኔታ ግን ሌላ ነገር ያሳያል። የሚጠቁረው ከታች በኩል ነው ብለዋል፤ ይህም አበባው የረገፈበት፣ ፍሬው ከተክሉ ጋር ከተያያዘበት ወገን ተቃራኒ ያለው ጫፍ ነው። መጀመሪያ ያፈራው የባሰበት መሆኑን፣ ዩሪያ መጨመርዎን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ወረፋው ርቆ ሲደርስዎ ጥግብ አድርገው እንደሚያጠጡ ጽፈዋል። እነዚህ አንድ ላይ ሲነበቡ የሚያመለክቱት በሙያው የፍሬ ጫፍ መበስበስ የሚባለውን ችግር ነው። ችግሩ የሚመጣው በተባይ፣ በሻጋታ ወይም በባክቴሪያ አይደለም፤ ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው አይተላለፍም፤ በመርጨትም አይድንም።

ይህን ራስዎ ማረጋገጥ ይችላሉ። ገና አረንጓዴ የሆነና ጫፉ የጠቆረ አንድ ፍሬ ይቅጠፉና ከተክሉ ጋር ከተያያዘበት ወገን እስከ ጫፉ ቁልቁል በቢላ ለሁለት ይክፈሉት። የጠቆረው ክፍል ደረቅ ያለ፣ ሲነኩት እንደ ቆዳ የሚጠነክር፣ ወደ ውስጥ ሰርጎድ ያለና ከጤነኛው ሥጋ በግልጽ የተለየ ከሆነ ግምቴ ትክክል ነው። አንዳንዴም ከውጭ ምንም የማይታይበት ፍሬ ሲሰነጠቅ ውስጡ ቡናማ ሆኖ ይገኛል። በአንጻሩ የተበላሸው ክፍል ውሃ የቋጠረና የሚሸት ከሆነ፣ ወይም ትል የገባበት ቀዳዳ ካለው፣ ነገሩ ሌላ ነው፤ ያን ጊዜ ፍሬውን ይዘው ወደ ልማት ጣቢያ ሠራተኛዎ ይሂዱ። በጠቆረው ቦታ ላይ ዘግየት ብሎ ጥቁር ሻጋታ ሊበቅልበት ይችላል፤ ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ፈንገስ ነው ብሎ ወደ መርጫው የሚሮጠውም ለዚህ ነው። ሻጋታው ግን በሞተ ሥጋ ላይ በኋላ የመጣ እንግዳ እንጂ ገዳዩ አይደለም።

ገዳዩ የካልሲየም እጥረት ነው፤ ያውም መሬቱ ውስጥ ካልሲየም ጠፍቶ አይደለም። የስምጥ ሸለቆ አፈራችን በአብዛኛው በካልሲየም ድሃ አይደለም። ካልሲየም በተክሉ ውስጥ የሚጓዘው ከሥር ወደ ላይ በሚወጣው ውሃ ተሳፍሮ ብቻ ነው። ቅጠል ብዙ ውሃ ስለሚያተን ውሃውን ወደ ራሱ ይስባል፤ ፍሬ ግን በጣም ጥቂት ስለሚያተን የሚደርሰው ትርፍራፊው ነው። አፈሩ ሲደርቅና የበጋው ንፋስ ቅጠሉን ሲያተንነው ያለችው ጥቂት ውሃ በሙሉ ወደ ቅጠሉ ትሄዳለች፤ ገና በማደግ ላይ ያለው የፍሬ ጫፍ፣ ከሁሉም የራቀው ቦታ፣ ካልሲየም ያጣል፤ የጫፉ ሴሎችም ግድግዳቸው ሳይጠነክር ይፈርሳሉ። ወሳኙ ጊዜ አበባው ፍሬ ከያዘ በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት አካባቢ ነው፤ ስለዚህ ዛሬ ጠቁሮ የሚያዩት ፍሬ የተጎዳው ቀደም ብሎ፣ ገና ጥቃቅን ሳለ ነው። ዩሪያው ደግሞ ነገሩን አባብሶታል፤ አንደኛ ቅጠሉን በማብዛት ውሃ የሚሻማውን አካል ያሳድጋል፤ ሁለተኛ ከዩሪያ የሚወጣው አሞኒየም በሥሩ በኩል ከካልሲየም ጋር ይሻማል። እንደ ሮማ ያሉ ሞላላ ፍሬ ያላቸው ዝርያዎች ከክቦቹ ይልቅ ለዚህ ችግር የተጋለጡ ናቸው።

እንግዲህ መፍትሔው ውሃው ላይ ነው፤ ተጨማሪ ውሃ ማለቴ ግን አይደለም። ወረፋዎን ያህል ውሃ፣ ያንኑ ያህል ነዳጅ ይበቃል፤ የሚለወጠው አከፋፈሉ ነው። «ወረፋችን ራቅ ብሏል» ሲሉ በዚህ ሰሞን ከስምንት እስከ አሥር ቀን ማለትዎ እንደሆነ እገምታለሁ። በአዳማ ዙሪያ ላለው ቀላልና አሸዋማ፣ ከእሳተ ገሞራ አመድ ለተፈጠረ አፈር ይህ በጣም ረጅም ነው። እንዲህ ያለ አፈር ጥግብ አድርገው ቢያጠጡትም ከአቅሙ በላይ አይዝም፤ ትርፉ ከሥሩ በታች ሰርጎ ይሄዳል፤ ማዳበሪያዎንም ይዞት ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ያሉት አራትና አምስት ቀናት ደህና ሆነው ቀሪዎቹን ቀናት ተክሉ ይጠማል።

የማቀርብልዎ ሐሳብ ይህ ነው። ወረፋው ከእርስዎ ወረፋ በአምስት ቀን ገደማ ከሚርቅ ጎረቤትዎ ጋር ይነጋገሩና ወረፋችሁን እያንዳንዳችሁ ለሁለት ከፍላችሁ ግማሹን ተለዋወጡ። እርስዎ በአሥር ቀን አንድ ጊዜ ስምንት ሰዓት ያጠጡ ከነበረ፣ አሁን በየአምስት ቀኑ አራት አራት ሰዓት ያጠጣሉ፤ ጎረቤትዎም እንዲሁ። የማንም ድርሻ አይቀነስም፤ የውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራችሁም ድርሻ እስካልተነካ ድረስ ይህን የሚከለክልበት ምክንያት አይታየኝም፤ ቢሆንም ለሰብሳቢው አስቀድማችሁ ብትነግሩ መልካም ነው። ጎረቤትዎም ቲማቲም የሚያለማ ከሆነ ያው ችግር ደጁ ላይ ስለሚሆን እምቢ የሚል አይመስለኝም።

በአራት ሰዓት ብቻ ማሳው ሁሉ እንዴት ይዳረሳል ቢሉ፣ መልሱ በቦዮቹ ላይ ነው። በእያንዳንዱ መደብ ላይ አንድ ረድፍ ቲማቲም ብቻ ተክለው በግራና በቀኙ ቦይ ካለው፣ በአንዱ ወረፋ አንዱን ቦይ እየዘለሉ ያጠጡ፤ በሚቀጥለው ወረፋ ደግሞ የተዘለሉትን ያጠጡ። እያንዳንዱ ተክል በየአምስት ቀኑ በአንድ ወገኑ ውሃ ያገኛል ማለት ነው፤ ለጫፉ ካልሲየም ለማድረስም የአንድ ወገን ሥር ይበቃዋል። መደብዎ ሰፊ ሆኖ ሁለት ረድፍ የተተከለበት ከሆነ ግን ይህን አያድርጉ፤ እያንዳንዱ ረድፍ የሚጠጣው ከአጠገቡ ካለው ቦይ ብቻ ስለሆነ የተዘለለው ረድፍ አሥር ቀን ሙሉ ደርቆ ይቆያል። በዚያ ሁኔታ ሁሉንም ቦይ በየወረፋው ያጠጡ፤ ነገር ግን ረጅሙን ቦይ መሃል ላይ በአፈር ገድበው አጫጭር ያድርጉት። በረጅም ቦይ ውሃው ጫፍ እስኪደርስ ድረስ መግቢያው ላይ ያለው አፈር ከሚገባው በላይ እየጠጣ ሰዓቱን ይጨርስብዎታል፤ በአጭር ቦይ ግን በፍጥነት ይዳረሳል፤ ግማሽ ወረፋም ይበቃል።

የወረፋው ቀን መድረስ አለመድረሱን ብቻ ሳይሆን አፈሩንም ይጠይቁት። በሁለት ተክሎች መካከል፣ ከግንዱ አንድ ስንዝር ያህል ራቅ ብለው፣ አንድ ስንዝር ያህል ቆፍረው ከታች አንድ እፍኝ አፈር ያውጡና በመዳፍዎ ጭብጥ ያድርጉት። እጅዎን ሲከፍቱ ተጠቅልሎ ከቆየና በጣት ሲነኩት ቀስ ብሎ ከተሰነጠቀ ደህና ነው፤ ገና እጅዎን ሲከፍቱ ከተበተነ ተክሉ ተጠምቷል፤ መዳፍዎ ላይ ጭቃ ከቀረ ደግሞ ከልክ አልፏል። ላዩ ስለነጣ ብቻ ደርቋል አይበሉ፤ ላዩ ስለረጠበም አይታለሉ። ይህን ፍሬ መያዝ ከጀመረበት ቀን አንሥቶ ያለማቋረጥ ቢያደርጉት ውጤቱን ዓይንዎ ያየዋል።

ከውሃው ክፍፍል ጋር አብሮ የሚሄደው ጉዝጓዝ ነው። ውሃ ባጠጡ ማግስት፣ አፈሩ ገና እርጥብ ሳለ፣ በመደቡ ላይ አራት ጣት ያህል ውፍረት ያለው ጉዝጓዝ ያልብሱት። የጤፍ ገለባ ለከብት የሚፈለግ ስለሆነና ዋጋውም የሚታወቅ ስለሆነ እሱን ያውጡ አልልዎትም፤ የተከታተፈ የበቆሎ አገዳ፣ የተረፈ የስንዴ ገለባ፣ ዘር ከመያዙ በፊት ታጭዶ የደረቀ አረም ሁሉ ይሆናል። ከግንዱ ጋር እንዳይነካካ ሦስት ጣት ያህል ክፍት ይተዉለት። በአካባቢያችሁ ምስጥ የሚያስቸግር ከሆነ አገዳውን በየሳምንቱ ገለጥ እያደረጉ ይዩት፤ ምስጥ ካገኙበት ያንሱት። ጉዝጓዙ ፀሐዩና ንፋሱ ከአፈሩ የሚወስዱትን እርጥበት ይቀንሳል፤ አረሙንም ስለሚያፍነው ከግንዱ ሥር በጥልቀት ከመኮትኮት ያድንዎታል። ፍሬ በያዘ ቲማቲም ሥር በጥልቀት መኮትኮት ውሃ የሚስቡትን ቀጫጭን ሥሮች መቁረጥ ስለሆነ ራሱ የጫፍ መጥቆር ያመጣል። ዩሪያውንም ለዚህ ሰብል ያቁሙት፤ ቅጠሉ ለምለም ነው ካሉ ናይትሮጅን አልጎደለውም።

የጠቆሩት ፍሬዎች አይመለሱም። ተክሉ ምግብ እንዳያባክንባቸው ለቅመው ያውጧቸው፤ ሻጋታ ያልያዛቸውን ጤነኛውን ወገን ቆርጠው ለቤትዎ ወጥ ሊጠቀሙበት ይችላሉ። በሳጥን መሃል ሸሽጎ ለገበያ መስጠቱ ግን ደላላውን ሳይሆን ስምዎን ነው የሚጎዳው። ውጤቱን የሚመዝኑት አሁን አበባ ላይ ባለውና ከዚህ በኋላ በሚይዘው ፍሬ ነው።

አሁን ወደ ካይቶሳኑ ልመለስ፤ ጥያቄዎ እሱ ነውና፣ ነገሩም ሊናቅ የሚገባው አይደለም። ካይቶሳን የሚገኘው ካይቲን ከሚባል ነገር ነው፤ ካይቲን የሽሪምፕና የሸርጣን ቅርፊት፣ የነፍሳት ጀርባና የእንጉዳይ አካል የሚጠነክርበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1811 ፈረንሳዊው ሄንሪ ብራኮኖ መጀመሪያ ያገኘው ከእንጉዳይ ነው፤ በ1859 ደግሞ ሌላው ፈረንሳዊ ሻርል ሩዤ ካይቲንን በጠንካራ አልካሊ ቀቅሎ ዛሬ ካይቶሳን የምንለውን አገኘ። ዋና ጠባዩ ቀላል አሲድ ባለበት ውሃ ውስጥ ሟሙቶ አዎንታዊ የኤሌክትሪክ ሙል መያዙ ነው። የባክቴሪያ ሽፋንና የቀይ የደም ሴል ሽፋን አሉታዊ ሙል ስላላቸው ይያያዛቸዋል፤ ደም የሚያቆመው የካይቶሳን ፋሻ የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው። የአሜሪካ ጦር በኢራቅና በአፍጋኒስታን እንዲህ ያለ ፋሻ ለቁስለኞቹ ተጠቅሟል። ነጋዴዎ ስለ ሐኪም ቤት የነገረዎት ከዚህ የመጣ ይመስለኛል።

«ናኖ» የሚለው ቃል ደግሞ ካይቶሳኑ እጅግ ወደ ደቀቁ ቅንጣቶች መለወጡን ይናገራል፤ አንድ ናኖሜትር የአንድ ሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው። በስፔን የሳንቲያጎ ደ ኮምፖስቴላ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1997 ካይቶሳንን ትራይፖሊፎስፌት ከሚባል ጨው ጋር በውሃ ውስጥ በማገናኘት ብቻ፣ ያለ ከባድ ኬሚካል፣ እነዚህን ቅንጣቶች መሥራት የሚቻልበትን መንገድ አሳዩ። ከዚያ ወዲህ በሕክምናው ዘርፍ መድኃኒትንና ክትባትን በአፍንጫ፣ በዓይንና በአንጀት ሽፋን በኩል ለማሳለፍ፣ ቀስ እያለ እንዲለቀቅም ለማድረግ ብዙ ይመራመሩበታል፤ አብዛኛው ግን ገና በምርምር ላይ ያለ ነው። በኢንዱስትሪ ካይቶሳን የደፈረሰ ውሃ ያጠራል፣ ወይን ጠጅ ያጣራል፣ በቅባትና በፀጉር ማስዋቢያ ውስጥ ይገባል፤ ከፍሳሽ ውስጥ ቀለምንና ከባድ ብረቶችን ስለሚይዝም ሞጆ ላይ እንዳሉት ያሉ የቆዳ ፋብሪካዎች ለሚያወጡት ክሮም ያለበት ፍሳሽ ተስፋ የሚጣልበት ነው።

በግብርናም ቦታ አለው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2014 ካይቶሳን ሃይድሮክሎራይድን ለሰብል ጥበቃ እንዲውል ፈቅዷል። የሚሠራው ግን በሽታውን ቀጥቅጦ በመግደል ሳይሆን በዋናነት ተክሉ በሽታ የመጣበት መስሎት መከላከያውን አስቀድሞ እንዲያነቃ በማድረግ ነው። ስለዚህ ከበሽታው በፊት ሲረጭ ይጠቅማል፤ ከተስፋፋ በኋላ ብዙ አይረዳም፤ በውሃ መዛባት ለመጣ የፍሬ ጫፍ መጥቆር ደግሞ ፈጽሞ አይረዳም። ይልቅ እኔ ለአካባቢያችን ተስፋ የማደርግበት ሌላው ጥቅሙ ነው፤ ከተለቀመ በኋላ ፍሬን በስስ የካይቶሳን ሽፋን ማልበስ ውሃ እንዳይተንና ሻጋታ እንዳይፈጥን ያዘገያል፤ በመንገድና በሳጥን ለሚበላሽ ቲማቲም ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

አንድ ቀን ለዚህ ወይም ለመከላከያ መግዛት ቢፈልጉ፣ ዕቃው በኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን የተመዘገበ መሆኑን፣ በቲማቲም ላይ እንዲውል የተጻፈበት መሆኑን፣ ምን ያህል ካይቶሳን እንደያዘና የሚያበቃበትን ቀን ከመለያው ላይ ያንብቡ። ናኖ መሆኑን በዓይን ማየት አይቻልም፤ እነዚህ ቅንጣቶች በሙቀት ሱቅ ውስጥ ሲከርሙ እርስ በርስ ተጣብቀው ናኖነታቸው ሊጠፋ ይችላል። ከሁሉም በላይ ካይቶሳን አሲድነት በቀነሰ ውሃ ውስጥ፣ የአሲድነት መለኪያው ፒኤች ከ6.5 ገደማ ሲያልፍ፣ ከመሟሟት ይወጣል፤ የእኛ አካባቢ የጉድጓድም የወንዝም ውሃ ደግሞ በአብዛኛው ፒኤቹ ከ7 በላይ ነው። ስለዚህ ማንም ቢሸጥልዎት አስቀድመው በንጹሕ የመስታወት ብርጭቆ፣ በሚረጩበት ውሃ፣ በመለያው ልክ ጥቂት ይቀላቅሉና ለግማሽ ሰዓት ያስቀምጡት። ነጭ ክር የመሰለ ነገር ከወጣበት ወይም ከሥር ከዘቀጠ በዚያ ውሃ አይሠራልዎትም፤ የመርጫዎንም አፍንጫ ይደፍንብዎታል።

ከማንኮዜቡ ጋር ይቀላቀል ወይ ላሉት መልሴ አይቀላቀል ነው፤ እዚህ ላይ አንድ ነገር በወንድምነት ልናገር። በየማሳው የማየውና በጣም የሚያሳስበኝ፣ ችግሩ ምን እንደሆነ ሳይታወቅ ሁለትና ሦስት መድኃኒት በአንድ መርጫ ቀላቅሎ መርጨት፣ ለውጥ ካልመጣም ሌላ ጨምሮ መድገም ነው። አንዱ የሌላውን ኃይል ይሰርዛል፤ ተክሉን ያቃጥላል፤ ገንዘቡ ይባክናል፤ እርስዎም ጓንትና የአፍ መሸፈኛ ሳያደርጉ ከሆነ የሚረጩት ጤናዎን ይጎዳሉ፤ በልቅምት ሰሞን ከተረጨ ደግሞ መርዙ የሚሄደው ወደ ሰው ገበታ ነው። አንድ ፍሬ ሰንጥቆ አይቶ ልማት ጣቢያ መጠየቅ ምንም አያስወጣም ነበር። ያለዎትን ማንኮዜብ ቅጠል ላይ የብላይት ምልክት ሲያዩ ብቻ፣ ለብቻው፣ በመለያው መጠን ይጠቀሙበት፤ ከተረጨ በኋላ እስከ ልቅምት መቆየት ያለበትን ቀንም ይጠብቁ።

ውሃውን ከፍለው፣ ጉዝጓዙን አልብሰው፣ ሦስት ሳምንት ካለፈ በኋላ የያዘው አዲስ ፍሬ ጫፉ አሁንም የሚጠቁር ከሆነ፣ ቀጥሎ የምጠረጥረው የጨው መብዛት ነው። ያን ጊዜ ከሚያጠጡበት ውሃ አንድ ሊትር በንጹሕ የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ከማሳው ከአምስት ቦታ ተወስዶ የተቀላቀለ አንድ ኪሎ ያህል አፈር ይዘው በልማት ጣቢያዎ በኩል ለምርመራ ይላኩ፤ መልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከልም ለእርስዎ ሩቅ አይደለም። ለእኛም ቁልቁል የተሰነጠቀ ፍሬ ፎቶ፣ የሚተክሉትን ዝርያ ስምና በመደብዎ ላይ ስንት ረድፍ እንዳለ ጨምረው ይጻፉልን።